ዛፍ መግረዝና መቁረጥ፦ ስለ ሠራተኞች ደኅንነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በከተሞቻችን ከቤት ጣሪያ፣ ከአጥርና ከኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ያደጉ ረጃጅም ዛፎችን መግረዝና መቁረጥ ጉልበትና ድፍረት ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ተደርጎ ይታያል። ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች ሥራውን የሚሠሩም የሚያሠሩም ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ ለሁለቱም ወገን የተጻፉት ሆን ተብሎ ነው፤ ሠራተኛው ያለ በቂ ገመድ ዛፍ ላይ የሚወጣው ብዙ ጊዜ አደጋውን ስለማያውቅ ሳይሆን፣ በተስማሙበት ዋጋ ውስጥ የገመድም የራስ ቁርም ሒሳብ ስለሌለ ነው።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ምን ምን መታየት አለበት?

በመጀመሪያ ዛፉን ዙሪያውን እየዞሩ ከሥሩ እስከ ጫፉ ማየት ያስፈልጋል። ከሥሩ አካባቢ አፈሩ ተሰንጥቆ ወይም በአንድ በኩል ከፍ ብሎ ከተገኘ ሥሩ መያዣ እያጣ ነው ማለት ነው፤ በተለይ በክረምት፣ መሬቱ ውኃ ጠጥቶ ሲለሰልስ፣ ይህ ምልክት በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ግንዱ ላይ እንጉዳይ በቅሎ ከታየ ውስጡ እየበሰበሰ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። ግንዱን በመጥረቢያ ጀርባ ከታች ወደ ላይ፣ ዙሪያውን እየተዘዋወሩ መምታትም የቆየና የሚጠቅም ዘዴ ነው፤ ጤነኛ እንጨት ጠንከር ያለና አጭር ድምፅ ሲሰጥ፣ ውስጡ ባዶ የሆነው ግን እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ያስተጋባ ዛፍ ላይ ገመድ አስሮ መውጣት ክብደትን በማይሸከም ነገር ላይ ሕይወትን ማንጠልጠል ስለሆነ፣ ሌላ መላ መፈለግ አለበት፤ ወይ ከአጠገቡ ባለ ጤነኛ ዛፍ ላይ ገመድ ይታሰራል፣ ወይ ሰው የሚያነሳ ባለ ቅርጫት ተሽከርካሪ ይመጣል።

ቀጥሎ ወደ ላይ ይታያል። ደርቀው የቀሩ ቅርንጫፎች፣ ተሰብረው በሌላ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠሉ እንጨቶች፣ በቅጠል መካከል የተደበቀ ሽቦ፣ የንብ መንጋ፣ እነዚህ ሁሉ ከመሬት ሆነው ካልታዩ የሚገኙት ሠራተኛው ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። የዛፉን ዓይነት ማወቅም የፍተሻው አካል ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ እጅግ ከባድ ነው፤ 40 ሴንቲ ሜትር ውፍረትና 1 ሜትር ርዝመት ያለው የግንዱ ቁራጭ 125 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ግራቪሊያ ደግሞ ቅርንጫፉ በቀላሉ የሚሰበር በመሆኑ፣ ወፍራም የሚመስለው ቅርንጫፉ እንኳ ሰው የሚቆምበት ተደርጎ መታመን የለበትም።

በመጨረሻም ሁሉም ሠራተኞች በተሰበሰቡበት ማን ምን እንደሚሠራ፣ የተቆረጠው እንጨት የት እንደሚወድቅ፣ አደጋ ቢደርስ ማን እንደሚደውልና ማን ዛፉ ላይ ወጥቶ የተጎዳውን እንደሚያወርድ ይነገራል። ይህ ንግግር አጭር ነው፤ ሳይደረግ ሥራ መጀመር ግን የለበትም።

ወገብን በገመድ አስሮ መውጣት አይበቃም?

አይበቃም። ይህን ጥያቄ የሚያነሱ ሠራተኞች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ ሠርተው ምንም ያልደረሰባቸው ናቸው፤ ያልደረሰባቸው ግን ገመዱ ስለጠበቃቸው ሳይሆን ስላልወደቁ ነው። ወገብ ላይ ብቻ የታሰረ ሰው ከወደቀ፣ የሰውነቱ ክብደት በሙሉ በሆዱና በጎድን አጥንቶቹ ላይ ያርፋል፤ ተንጠልጥሎ ሲቆይም መተንፈስ ይቸገራል፤ ገመዱም ወደ ብብቱ ሊንሸራተት ይችላል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ሃርነስ የሚባለው የሰውነት መታጠቂያ ሲሆን፣ ወገብን ብቻ ሳይሆን ሁለቱን ጭኖች ጭምር የሚይዝና ክብደቱን ወደ ዳሌና ወደ ጭን የሚያከፋፍል ነው።

ገመዱም ቢሆን ማንኛውም ገመድ አይደለም። በገበያ በብዛት የሚገኘው የጭነት ገመድ ዕቃ ለማሰር የተሠራ ነው፤ በድንገት ሲጎተት ምን ያህል እንደሚችል የተረጋገጠ ነገር የለውም። በአሜሪካ የዛፍ ሥራ የደኅንነት ደረጃ የሆነው ዜድ 133 ሰው የሚሸከም የመውጫ ገመድ ቢያንስ 24 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም 2,400 ኪሎ ግራም ገደማ የሚሸከም እንዲሆን ይጠይቃል። ሠራተኛው ራሱ ከ70 ወይም ከ80 ኪሎ ግራም የማይበልጥ ሲሆን ይህ ሁሉ አቅም ለምን አስፈለገ የሚል ቢኖር፣ መልሱ ቋጠሮ የገመድን ጥንካሬ በእጅጉ የሚቀንስ መሆኑ፣ ገመዱ በቅርፊት ላይ ሲታሽ እየሳሳ መሄዱና የሚወድቅ ሰው ገመዱን የሚጎትትበት ኃይል ከክብደቱ ብዙ እጥፍ ሊሆን መቻሉ ነው።

ገመድ በየዕለቱ ከሥራ በፊት መፈተሽ አለበት። ፍተሻው በዓይን ብቻ አይሆንም፤ ገመዱ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው በሁለት እጅ ጣቶች መካከል በዝግታ ይተላለፋል። ድንገት የሚለሰልስ፣ የሚቀጥን፣ እንደ እብጠት የሚጎረብጥ ወይም በሙቀት ቀልጦ የጠነከረ ቦታ ከተገኘ፣ የላይኛው ሽፋን ደህና ቢመስልም ውስጡ ተጎድቷል። እንዲህ ያለ ገመድ ከዚያ በኋላ ሰው አይታሰርበትም፤ ሌላ ሰው ሳያውቅ እንዳይወጣበትም በቁርጥራጭ ተቆርጦ መጣል አለበት። ቤንዚን፣ የሞተር ዘይትና የባትሪ አሲድ የነካው ገመድም እንዲሁ ነው፤ ለዚህም ገመድና የነዳጅ ጀሪካን በአንድ መኪና ኪስ ውስጥ አብረው መጫን የለባቸውም።

የግንባታ ሥራ የራስ ቁር ለዛፍ ሥራ ያገለግላል?

መሬት ላይ ለሚሠራው ሊያገለግል ይችላል፣ ዛፍ ላይ ለሚወጣው ግን አይመከርም። ልዩነቱ የአገጭ ማሰሪያው ላይ ነው። የግንባታ የራስ ቁር ማሰሪያ፣ ካለው፣ ቁሩ አንድ ነገር ላይ ቢያዝ ሠራተኛውን አንቆ እንዳይይዘው በተወሰነ ኃይል እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። ዛፍ ላይ ያለ ሰው ግን ቢወድቅ ወይም ተወዛውዞ ከግንዱ ጋር ቢጋጭ ቁሩ በራሱ ላይ መቆየት አለበት፤ ለተራራ ወጪዎች የተሠሩትና ኢኤን 12492 የሚል የአውሮፓ ደረጃ ምልክት የታተመባቸው ቁሮች ማሰሪያቸው በቀላሉ የማይለቀው ለዚህ ነው። ከባድ ምት ያረፈበት ቁር፣ ስንጥቅ ባይታይበትም፣ መቀየር አለበት።

የሞተር መጋዝ ይህን ያህል አደገኛ የሚያደርገው ምንድን ነው?

ቼንሶው እየተባለ የሚጠራው የሞተር መጋዝ ሰንሰለት በሙሉ ኃይል ሲሠራ በሴኮንድ 20 ሜትርና ከዚያ በላይ ይሮጣል፤ ይህም በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ከሁሉ የከፋው ግን የመጋዙ ተፈናጥሮ መመለስ ነው። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ባር የሚባለው ረጅም ብረት ጫፍ፣ በተለይም የጫፉ የላይኛው ሩብ፣ ከእንጨት ጋር ድንገት ሲነካካ መጋዙ ወደ ላይና ወደ ኋላ፣ ማለትም ወደ ሠራተኛው ፊትና አንገት፣ ይወረወራል። ይህ የሚሆንበት ፍጥነት ከሰው ምላሽ ይቀድማል፤ ስለዚህ ተጠንቅቄ እመልሰዋለሁ የሚል ሰው ራሱን እያታለለ ነው።

መከላከያዎቹ የታወቁ ናቸው። የግራ እጅ አውራ ጣት የፊቱን መያዣ ከሥሩ ዞሮ መጨበጥ አለበት፤ አራቱ ጣቶች ከላይ ሆነው አውራ ጣት አብሯቸው ከላይ ከዋለ መጋዙ ሲፈናጠር ከእጅ ይወጣል። ከፊት መያዣው ፊት ለፊት ያለው የሰንሰለት ፍሬን ከሥራ በፊት መሞከር አለበት፤ ፍሬኑ የማይሠራ መጋዝ የቱንም ያህል ስለት ቢኖረው ከጥገና በፊት ወደ ሥራ አይገባም። መጋዙ ከትከሻ ከፍታ በላይ አይነሳም፣ በአንድ እጅም አይሠራበትም። ሠራተኛው ከሁለት ርምጃ በላይ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ፍሬኑን ይዞ ወይም ሞተሩን አጥፍቶ ይንቀሳቀስ።

የደነዘዘ ሰንሰለትም አደጋ ነው። የተሳለ ሰንሰለት ወፍራም ፍርፋሪ ያወጣል፤ እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ከታየ ሰንሰለቱ ደንዝዟል፤ ሠራተኛውም ሳያውቀው መጋዙን በኃይል መጫን ይጀምራል፤ እንጨቱ ሲያልቅ ያ ሁሉ ኃይል ሚዛኑን ያሳጣዋል።

ነዳጅን በተመለከተ ሞተሩ ሳይበርድ ቤንዚን አይሞላም፤ ከተሞላም በኋላ ከሞሉበት ቦታ ቢያንስ 3 ሜትር ርቆ ማስነሳት ይገባል።

የመጋዝ ሱሪ የሚባለው በእርግጥ ይጠቅማል? ወፍራም ጂንስ አይተካውም?

ጂንስ አይተካውም። የሚሮጥ ሰንሰለት ጂንስን ለማለፍ ጊዜ አይወስድበትም። የመጋዝ ሱሪ የሚሠራው በውፍረቱ ሳይሆን በውስጡ በተደራረቡት ረጃጅምና ጠንካራ ክሮች ነው፤ ሰንሰለቱ የላይኛውን ጨርቅ ሲቀድ ክሮቹ ተስበው ይወጡና በሰንሰለቱና ሰንሰለቱን በሚያዞረው ጥርስ ላይ ተጠምጥመው መጋዙን ያስቆሙታል። ሥጋ ላይ ጭረት ሊቀር ይችላል፤ እግር ግን ይተርፋል። አይኤስኦ 11393 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት የተሠሩ ሱሪዎች በሰንሰለት ፍጥነት ይመደባሉ፤ ክፍል 1 በሴኮንድ እስከ 20 ሜትር፣ ክፍል 2 እስከ 24 ሜትር፣ ክፍል 3 እስከ 28 ሜትር ለሚሮጥ ሰንሰለት የተፈተኑ ናቸው።

ሱሪው አንድ ጊዜ ሰንሰለት ከቆረጠው በኋላ መሥራቱን ያቆማል፤ የተቀደደውን ሰፍቶ መልበስ ክሮቹን አንድ ላይ ስለሚያስራቸው ዋናውን ጥቅሙን ያጠፋዋል። በረኪና ባለበት ውኃ መታጠብም የለበትም። ፊቱ ላይ ብቻ ክር ያለው ሱሪ መሬት ላይ ለሚሠራ ይበቃል፤ ዛፍ ላይ ለሚሠራው ግን እግሩ በየአቅጣጫው ስለሚሆን ዙሪያውን የሚከላከለው ይሻላል።

ከዚህ ጋር የጆሮ መከላከያም መረሳት የለበትም። ለ8 ሰዓት የሚቆይ ከ85 ዴሲቤል በላይ ድምፅ መስማትን የሚጎዳ ሲሆን፣ የሞተር መጋዝ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል ያልፋል። ጉዳቱ ሕመም የለውም፤ ሠራተኛው የሚያውቀው ከዓመታት በኋላ ቤተሰቡ ሲያናግረው መስማት ሲሳነው ነው።

ዛፍ ላይ ተወጥቶ በሞተር መጋዝ መሥራት ይቻላል?

ይቻላል፤ የሚቻለው ግን መሬት ላይ መጋዙን በደንብ ለለመደና በገመድ መውጣትን ለብቻው ለተማረ ሰው ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን መማር አይገባም። መጋዝ በሚሠራበት ጊዜ ሠራተኛው በሁለት ነጥብ መታሰር አለበት፤ አንደኛው ከላይ ያለው የመውጫ ገመድ ሲሆን፣ ሁለተኛው ግንዱን ዞሮ ወደ ሃርነሱ የሚመለሰው አጭር የወገብ ገመድ ነው። ይህ አጭር ገመድ ለመጋዙ ቅርብ ስለሆነ፣ ዛፉን ለመጣል በሚሠራበት ጊዜ ውስጡ የብረት ሽቦ ያለው ዓይነት ይመረጣል። የብረት ሽቦው ግን ሠራተኛውን ግድየለሽ ሊያደርገው አይገባም፤ መጋዝ ይዘገይ ይሆናል እንጂ ብረትንም ይቆርጣል። ሽቦው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ በመሆኑም በመስመር አጠገብ አይታሰብም።

እንደ እኔ እምነት፣ ውፍረታቸው ከእጅ አንጓ ለማይበልጥ ቅርንጫፎች ከሁሉ የሚሻለው በቀበቶ ላይ በሰገባ የሚንጠለጠል ቆልመም ያለ የእጅ መጋዝ ነው። ለግረዛ ሥራ ፍጥነቱ ብዙም አያንስም፤ ቁርጡም ለዛፉ የጸዳ ነው፤ ከእጅ ቢያመልጥ እንኳ በራሱ አይሮጥም።

እግር ላይ የሚታሰሩት የብረት ሹሎች ለሚቆረጥ ዛፍ ብቻ ይውላሉ፤ በሕይወት እንዲኖር በሚገረዝ ዛፍ ላይ ከተወጣባቸው ቅርፊቱን እየበሱ ለበሽታ በር ይከፍታሉ።

መሰላል ላይ ቆሞ መቁረጥስ?

መሰላል ለመውጣት እንጂ ቆሞ ለመቁረጥ አይደለም። አደጋው የሚፈጠርበት መንገድ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ መሰላሉ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ይደገፋል፤ ሠራተኛው ከመደገፊያው ወዲያ ያለውን የቅርንጫፉን ክፍል ይቆርጣል፤ ክብደቱ ሲወርድለት የቀረው ቅርንጫፍ ወደ ላይ ይነሳና መሰላሉ መደገፊያ ያጣል። የሚወድቀው እንጨትም ተወዛውዞ የመሰላሉን እግር ሊመታ ይችላል። በየሰፈሩ ከባሕር ዛፍ ተመትተው የሚሠሩት መሰላሎች ደግሞ ምስማራቸው ሲላላ ከውጭ አይታይም።

ዛፉ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከነካ ወይም ለሽቦ ከቀረበ ምን ይደረግ?

በዚህ ጥያቄ ላይ ድርድር የለም፤ ከመስመር አጠገብ ለመሥራት ልዩ ሥልጠና የሌለው ሰው ራሱም፣ መሣሪያውም፣ የሚቆርጠው ቅርንጫፍም ከሽቦው ከ3 ሜትር በላይ መራቅ አለበት። በከተሞቻችን መንገድ ዳር የምናያቸው የመካከለኛ ቮልቴጅ መስመሮች 15,000 ወይም 33,000 ቮልት የተሸከሙ ናቸው፤ በእነዚህ መስመሮች ላይ ሰው ለመሞት ሽቦውን መንካት እንኳ ላያስፈልገው ይችላል፤ በጣም ከቀረበ ኤሌክትሪኩ በአየር ላይ ዘልሎ ያገኘዋል። ወደ ቤት የሚገባው 220 ቮልትም ሰውን ይገድላል። እርጥብ ቅርንጫፍ፣ የረጠበ ገመድና የብረት መሰላል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። የሽቦው ጥቁር ሽፋን ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ስለሚሰነጣጠቅ እንደ መከላከያ ሊቆጠር አይገባም።

ስለዚህ ለሽቦ የቀረበ ዛፍ ከመነካቱ በፊት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ተጠርቶ መስመሩ መቋረጥ አለበት፤ መቋረጡንም ከባለሙያው ሰምተው እንጂ የቤቱ መብራት ጠፋ ብለው መጀመር የለባቸውም፤ የጠፋው መብራት ሠራተኛው ዛፍ ላይ ሳለ ሊመጣ ይችላል። ሽቦ ተበጥሶ ከወደቀ ቢያንስ 10 ሜትር መራቅ፣ ሌሎችንም ማራቅ ያስፈልጋል። አጠገቡ ሳሉ የወደቀባቸው ሰዎች ሁለት እግራቸውን አጠጋግተው፣ ከመሬት ሳያነሱ፣ በትንንሹ እየጎተቱ ይውጡ፤ ሰፊ ርምጃ በሁለቱ እግሮች መካከል ኤሌክትሪክ እንዲያልፍ ያደርጋል። ዛፍ ላይ ያለ ሰው ኤሌክትሪክ ከያዘው ደግሞ፣ የቱንም ያህል ቢከብድ፣ መስመሩ እስኪቋረጥ ማንም ዛፉን መንካት የለበትም። አለበለዚያ ሬሳው ሁለት ይሆናል።

በዛፉ ላይ ንብ ካለስ?

ይህ ጥያቄ በውጭ አገር የተዘጋጁ መመሪያዎች ብዙም አያተኩሩበትም፤ ለእኛ ግን በቀጥታ የሚመለከተን ነው። በአገራችን ቀፎ ዛፍ ላይ መስቀል የቆየ ልማድ ሲሆን፣ ባዶ ግንድ ውስጥ በራሱ የሰፈረ መንጋም ብዙ ነው። የመጋዝ ንዝረትና የቤንዚን ጭስ ንቦቹን ያስቆጣቸዋል። መሬት ላይ ያለው ረዳት ሮጦ ያመልጣል፤ በሁለት ገመድ የታሰረው ሠራተኛ ግን ገመዱን ፈትቶ ለመውረድ ጊዜ ያስፈልገዋል፤ በድንጋጤ የፈታው ከሆነም መጨረሻው መውደቅ ነው። ስለዚህ ወደ ግንዱ ስንጥቅ የሚገቡና የሚወጡ ንቦች መኖራቸው በረፋዱ ፀሐይ ሞቅ ሲል ይታያል፤ ካሉ ንብ አናቢ ተጠርቶ መንጋው ወደ ሌላ ቦታ እስኪዛወር ድረስ ሥራው ይዘገያል። በእሳት ማባረር ንቡንም ዛፉንም ያጠፋል፤ ሰፈሩንም ለአደጋ ያጋልጣል።

ቅርንጫፍ ሲቆረጥ ለምን በሦስት ቁርጥ ይሠራል?

ከላይ በአንድ ቁርጥ ብቻ የሚቆረጥ ከባድ ቅርንጫፍ ሳይጨርስ በራሱ ክብደት ይሰበራል፤ ሲሰበርም ቅርፊቱን ይዞ ወደ ታች እየገፈፈ ወደ ግንዱ፣ ማለትም ሠራተኛው ወዳለበት፣ ይወዛወዛል። ስለዚህ በመጀመሪያ ከግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ከሥር በኩል በከፊል ይቆረጣል፤ ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወደ ውጭ ሲል ከላይ ተቆርጦ ቅርንጫፉ ይወርዳል፤ በመጨረሻ የቀረው ጉቶ ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር ከሚገናኝበት ካበጠው ቦታ ውጭ በጸዳ ሁኔታ ይቆረጣል። ያበጠው ቦታ ሳይነካ ከቀረ ዛፉ ቁስሉን ራሱ ይዘጋዋል።

ከዚህ ጋር የሚነሳው የዛፍን አናት የመቁረጥ ልማድ ነው። አናቱ የተቆረጠ ዛፍ ከቁርጡ ዙሪያ ብዙ ቀጫጭን ቅርንጫፎች በፍጥነት ያወጣል፤ እነዚህ ቅርንጫፎች ከግንዱ ጋር ያላቸው ትስስር ደካማ ስለሆነ ከዓመታት በኋላ ይገነጠላሉ፤ ያን ጊዜ ዛፉ ላይ የሚወጣው ሠራተኛ የሚቆምበት የሚታመን እንጨት አያገኝም።

ዛፉን በሙሉ ከሥሩ ለመጣል ትክክለኛው አሠራር ምንድን ነው?

የሚወድቅበት አቅጣጫ ከተወሰነ በኋላ በመጀመሪያ ማምለጫ ይዘጋጃል። ማምለጫው ከመውደቂያው በተቃራኒ፣ በሰያፍ ወደ ኋላ በ45 ዲግሪ ገደማ፣ በግራና በቀኝ ይጠረጋል። ዛፉ መንቀሳቀስ ሲጀምር ሠራተኛው በዚያ መንገድ ይሸሻል እንጂ ቆሞ አያይም፤ ግንዱ ከጉቶው ላይ ወደ ኋላ ሊንሸራተት ስለሚችል በቀጥታ ከኋላው መቆም አደገኛ ነው። ሥራው ላይ የሌለ ሰው ሁሉ ከዛፉ ቁመት ቢያንስ ሁለት እጥፍ ይርቃል። 15 ሜትር የሆነ ዛፍ 30 ሜትር ዙሪያውን ባዶ ቦታ ይፈልጋል ማለት ነው፤ በአብዛኛው የከተማ ግቢ ይህ ቦታ ስለሌለ፣ ዛፉ ከላይ ጀምሮ በቁርጥራጭ እየወረደ እንጂ በአንድ ጊዜ መጣል የለበትም።

ቦታው ካለ፣ በመውደቂያው በኩል ከግንዱ ውፍረት አንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ የሚደርስ፣ በ70 ዲግሪና ከዚያ በላይ የተከፈተ አፍ ይወጣለታል። ከዚያ ከኋላ በኩል ይቆረጣል፤ የኋላው ቁርጥ ግን ከአፉ ጋር መገናኘት የለበትም። በመካከላቸው የግንዱን ውፍረት አንድ አሥረኛ ያህል የሚሆን ያልተቆረጠ እንጨት ይቀራል። ይህ እንጨት እንደ በር ማጠፊያ ሆኖ ዛፉን ወደ ተመረጠው አቅጣጫ እየመራ ያወርደዋል። ከጭንቀት ወይም ከችኮላ የተነሳ ማጠፊያውን ጭምር ቆርጦ መጨረስ በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ ማጠፊያው ያለቀ ዛፍ ወዴት እንደሚወድቅ የሚወስነው ንፋሱ ነው።

ወደ አንድ ወገን በጣም ያዘነበለ ዛፍ የተለየ አደጋ አለው። ከኋላ ሲቆረጥ ግንዱ በድንገት ወደ ላይ ለሁለት ተሰንጥቆ የኋላው ግማሽ ከሠራተኛው ፊት ወደ ላይ ይፈናጠራል። ይህን የሚከላከል የአቆራረጥ ስልት አለ፤ ነገር ግን ከሠለጠነ ሰው በእጅ የሚተላለፍ እንጂ ከጽሑፍ የሚቀሰም ስላልሆነ፣ ልምዱ የሌለው ሠራተኛ እንዲህ ያለውን ዛፍ አልነካም ማለት መብቱም ግዴታውም ነው።

ሲወድቅ ሌላ ዛፍ ላይ ተደግፎ የቀረ ዛፍ እንዴት ይወርዳል?

ከሥሩ ሳይገቡ፣ ላዩ ላይ ሳይወጡ፣ የደገፈውን ዛፍም ሳይቆርጡ። ከሩቅ ሆኖ በረጅም ገመድና በመጎተቻ መሣሪያ መሳብ ወይም ግንዱን በረጅም ማንሻ እንጨት ማንከባለል ይቻላል። ዛሬ ካልወረደም ቦታው ታጥሮ ሰው እየጠበቀው ይደር እንጂ ልጆች በሚያልፉበት ቦታ ተትቶ አይኬድም።

መሬት ላይ ያለው ረዳት የራሱ አደጋ አለው?

አለው፤ ብዙ ጊዜም የሚዘነጋው እሱ ነው። ከ10 ሜትር ከፍታ የተለቀቀ እንጨት መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ረዳቱ ወደ መውደቂያው ክልል የሚገባው ከላይ ያለው ሠራተኛ መጋዙን አቁሞ ግባ ካለው በኋላ ብቻ ነው፤ ከላይ ያለውም ከመቁረጡ በፊት ይጣራል፣ ምላሽ ካልሰማ አይቆርጥም። ከባድ እንጨት በገመድ ሲወርድ ረዳቱ ገመዱን በእጁ ወይም በወገቡ ላይ መጠምጠም የለበትም፤ ገመዱ በሌላ ግንድ ላይ ተጠምጥሞ በግጭት ኃይል እየተያዘ ይለቀቃል። በመሬት ላይ የተዘረጋ ገመድ መሐል ሁለት እግርን አስገብቶ መቆምም እንዲሁ ክልክል ነው።

አሠሪው ምን ኃላፊነት አለበት?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኞቹን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ የማቅረብና አጠቃቀሙን የማስተማር ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል፤ ሠራተኛውም የተሰጠውን በአግባቡ የመጠቀም ግዴታ አለበት። ግቢውን ለአንድ ቀን የሚያስጠርግ ባለቤት እኔ ድርጅት አይደለሁም ሊል ይችላል። ሆኖም በግቢው የሚወድቀው ሰው አባት ወይም የሰው ልጅ መሆኑ አይለወጥም። ዋጋ ሲነጋገር የሚታሰርበት ገመድና የራስ ቁር እንዳለው መጠየቅ፣ ስንት ሰው ይዞ እንደሚመጣ ማወቅ፣ ብቻዬን እወጣለሁ የሚለውን አለመቅጠር የባለቤቱ ድርሻ ነው። ዝናብ ጣለ ወይም ንፋስ ተነሣ ብሎ ሥራውን ያቆመ ሠራተኛም ከሒሳቡ ሊቀነስበት አይገባም፤ የሚቀነስበት ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ አያቆምም።

አደጋ ከደረሰ በመጀመሪያ ምን ይደረግ?

የመጋዝ ቁስል ብዙ ደም ያፈሳል። በንጹሕ ጨርቅ ቁስሉን በኃይል ተጭኖ መያዝ ይቀድማል፤ የእጅ ወይም የእግር ቁስል ሆኖ ደሙ አልቆም ካለ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከመገጣጠሚያ ውጭ፣ የደም ማቆሚያ ማሰሪያ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ የታሰረበት ሰዓት ይጻፋል፤ ሐኪም ዘንድ እስኪደረስ አይላላም። የመጀመሪያ ርዳታ ዕቃ መኪና ውስጥ ብቻ ሳይሆን በሠራተኛው ሃርነስ ላይ ጭምር መኖር ያለበት ለዚህ ነው። ከከፍታ የወደቀ ሰው አንገቱና ጀርባው ሊጎዳ ስለሚችል፣ ሌላ አደጋ ካልተቃረበ በስተቀር፣ አንሥቶ ታክሲ ውስጥ መክተት ጉዳቱን ያባብሳል። በአዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ አገልግሎት በ939 ይጠራል።

ራሱን ስቶ በገመዱ ላይ የተንጠለጠለ ሠራተኛ ደግሞ ሰው እስኪመጣ ሊጠብቅ አይችልም። ሳይንቀሳቀስ ሲንጠለጠል ደሙ ወደ እግሮቹ ስለሚወርድ በደቂቃዎች ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሌላ ሃርነስ፣ ሌላ ገመድና ወጥቶ ሊያወርደው የሚችል ሁለተኛ ሰው ሁልጊዜ በቦታው መኖር አለባቸው፤ እነዚህ ከሌሉ ሥራው አይጀመርም።

ሁሉንም መሣሪያ በአንድ ጊዜ መግዛት ካልተቻለ ከየትኛው ይጀመር?

አቅም የሚገድበው የሚሠራውን የሥራ ዓይነት እንጂ መከላከያውን መሆን የለበትም። ጀማሪ ቡድን ማሰሪያው የማይለቅ የራስ ቁር፣ የዓይን መነጽር፣ ጓንትና ሴፍቲ ጫማ ለሁሉም ገዝቶ፣ ከመሬት ሆኖ በረጅም ዘንግ ላይ በተገጠመ የእጅ መጋዝ የሚሠራውን ሥራ ብቻ ቢቀበል ይሻለዋል። ከዚያ ሁለት ሃርነስና ሁለት የመውጫ ገመድ ሲሟሉ ዛፍ ላይ በእጅ መጋዝ መግረዝ ይጀምራል፤ ሁለት የተባለው አንዱ ለማዳኛ ስለሚያስፈልግ ነው። የሞተር መጋዝ የሚመጣው በመጨረሻ፣ ከመጋዝ ሱሪና ከጆሮ መከላከያ ጋር በአንድ ላይ ነው። መጋዙን ገዝቶ ሱሪውን ለሚቀጥለው ወር ማሳደር እንዳይኖር፣ የሁለቱን ዋጋ ከመጀመሪያው ደምሮ እንደ አንድ ዕቃ መቁጠር ይበጃል።